እናቴ «ዛሬ ሚካኤል ነው» አለች፤ ወረቀቱ ላይ ስህተት ተባለ

ጽጌ_ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ከሆነ ሦስት ቀን አለፈው፤ እስካሁን ግን ሆዴ አልረጋም። እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ ቢያንስ ፓስፖርቷ እንደዚያ ይላል። እዚህ ሜሪላንድ ከመጣች 14 ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ረቡዕ ለዓመታዊው የሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ምርመራ ወሰድኳት። ነርሷ የደም ግፊቷንና ክብደቷን ከለካች በኋላ በስልክ አስተርጓሚ አስገብታ የማስታወስ ችሎታ መፈተሻ ነው ያለችውን ጀመረች።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ተባለች። «ሚካኤል ነው» አለች። አስተርጓሚው «ማይክል» ብሎ አለፈው። «ዓመቱስ?» «ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት።» «ወቅቱስ?» «ጸደይ ነዋ፤ ክረምቱ ከወጣ ቆየ እኮ።» ሦስቱም ስህተት ተብለው ተመዘገቡ። ዕለቱ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ነበር፤ ሚካኤል። «ጸደይ» ያለችውን ደግሞ አስተርጓሚው ፈረንጆች በመጋቢትና በሚያዝያ የሚያወጡት ወቅት አድርጎ ተረጎመው።

ቀጥሎ ሰዓት እንድትሥል ተጠየቀች። «ዘንጎቹን አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ አድርጊ» ተባለች። ቁጥሮቹን አንድ ሳትስት ጻፈች፤ አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ፣ ረጅሙን ሁለት ላይ አደረገች። ዜሮ ሰጧት። በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የግድግዳው ሰዓት አጭር ዘንግ የት እንደሚቆም ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በመካከል ሦስት ቃላት እንድትይዝ ተነግሯት ነበር። ወዲያው ደገመቻቸው፤ በኋላ ስትጠየቅ ግን አንዱም አልመጣላትም። ያን ጊዜ ተናዳ ስለነበር አልፈርድባትም።

ሐኪሟ «የመርሳት በሽታ ሳይጀምራቸው አልቀረም» ብላ ወደ ነርቭ ሐኪም መራችን። እናቴ ቤት ውስጥ ደህና ናት። ቡናዋን ታፈላለች፣ ትጸልያለች፣ ከመጣው ሰው ጋር ትጫወታለች። በገዛ ቀን መቁጠሪያዋ ትክክል የመለሰች ሴት እንዴት በሽተኛ ትባላለች? አቤቱታ ላቅርብ ብዬ አስቤአለሁ። እንዲህ የደረሰበት ሰው አለ?

ዴንቨር_ነዋሪ

እኅቴ፣ አቤቱታሽን አቅርቢ። እነዚህ ሰዎች በራሳቸው ሚዛን ሰፍረው የእኛን ሽማግሌዎች በሽተኛ ያደርጓቸዋል። በሰባ ስድስት ዓመት የማይረሳ ማን አለ? አያቴ በመጨረሻ ዕድሜያቸው ሁላችንንም በስም እያቀያየሩ ይጠሩን ነበር፤ በፍቅርና በክብር ጦረን ቀበርናቸው፤ ማንም በሽታ ብሎ ስም አልለጠፈባቸውም። ደግሞስ መድኃኒት ለሌለው ነገር ስሙን ማወቅ ምን ይፈይዳል? እናትሽን በሰላም ተያቸው።

ነርስ_አሌክሳንድሪያ

ጽጌ፣ ለ11 ዓመት በቤት ለቤት ነርስነት ሠርቻለሁ፤ ብዙዎቹ ታካሚዎቼ የእኛው ሰዎች ናቸው። ቁጣሽ ትክክል ነው። የቀኑንና የሰዓቱን ነገር እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በልደት ቀንም ይኸው ነው፤ የብዙዎቹ ወረቀት ጃንዋሪ 1 ይላል፤ እነሱ ግን የተወለዱት «ጣልያን በወጣ በስንተኛው ዓመት» ነው። ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ከስልክ ይልቅ በአካል የሚገኝ የሕክምና አስተርጓሚ ጠይቂ። በሕግ መብታችሁ የሠለጠነ አስተርጓሚ ያለክፍያ ማግኘት ነው፤ በአካል ይምጣልን ብላችሁ ጠንክራችሁ ስትጠይቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሁለተኛ፣ «በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መልሳለች፤ ትክክል ነበረች» የሚል ማስታወሻ ፋይሏ ላይ እንዲሰፍር አድርጊ።

አሁን ግን የማትወጂውን ልናገር። ከገለጽሽው ውስጥ የቃላቱና የሰዓቱ ፈተና ሚኒ ኮግ የሚባለው ነው። አምስት ነጥብ አለው፤ ሦስቱ ለሦስቱ ቃላት፣ ሁለቱ ለሰዓቱ ሥዕል። ከሦስት በታች ያመጣ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። የእናትሽን ሰዓት እኔ ሙሉ ሁለት ነጥብ እሰጠዋለሁ። ከዚያ በኋላም ሁለት ላይ ናቸው። ሦስቱን ቃላት ቀን መቁጠሪያ አይቀይራቸውም። አንቺ በአንድ መስመር ያለፍሽው እሱን ነው፤ እኔን ያስቆመኝም እሱ ነው።

ወሎዬ_ከደሴ

አባባ 80 ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ሐኪም ያየው ነገር አልነበረም፤ መጀመሪያ ያየሁት ሰላት ላይ ነው። መግሪብን በሦስት ፈንታ ሁለት ረከዓ ሰግደው አሰላመቱ። ሰው ይሳሳታል ብዬ ዝም አልኩ። ሌላ ቀን ዒሻን ሰግደው፣ ተቀምጠው ትንሽ ካወሩ በኋላ «ዒሻ ደረሰ እንዴ?» ብለው ተነሡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አዛን ሳይጠብቁ ወቅቱን የሚያውቁ ሰው ናቸው። በዚህ በኩል ሰው «ጃጁ» ይልና ያልፋል። እኔም እንደዚያው ብዬ ሁለት ዓመት አለፍኩ።

ሐኪም_አዲስ_አበባ

ጽጌ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል፤ ፈተናው በደንብ አልተሰጠም፣ ያ ማለት ግን እናትሽ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ፈተና እንደ ቴርሞሜትር ነው፤ ትኩሳት አለ ይላል እንጂ ወባ ነው ወይም ታይፎይድ ነው አይልም።

በምርመራ ክፍሌ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ አዛውንት ከልጃቸው ጋር ይገባሉ። «እንደምን አደሩ? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ሰፈሩ ደህና ነው?» እላቸዋለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተ እንዴት ነህ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ ይመርቁኛልም። ከቃሉ አንዳች የሚጎድል የለም። ሰላምታችን ዕድሜ ልክ የተደጋገመ ስለሆነ ከጥፋት ለረጅም ጊዜ ይተርፋል። ከዚያ «ትናንት ማታ ምን በሉ?» ስላቸው አንገታቸው ወደ ልጃቸው ይዞራል። ልጁም ሳያስበው «ሽሮ በላህ እኮ» ይልላቸዋል። እኔ የምጽፈው መልሱን ሳይሆን ያን የአንገት መዞር ነው። «ከመጣው ሰው ጋር ትጫወታለች» ስትዪ ይህን ነው ያሰብኩት።

ሌላው መሸፈኛ ደግሞ ለሽማግሌ ያለን ክብር ነው። በእኛ ቤት እናት ካረጀች ምግብ ይቀርብላታል፣ ገንዘቧን ልጅ ይይዝላታል፣ መድኃኒቷን ልጅ ይቆጥርላታል። ለብቻዋ የምትሠራው ነገር ሲጠፋ መሥራት ያቃታት መቼ እንደሆነ የሚያይ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ «ትረሳለች ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። ከአምስትና ከአሥር ዓመት በፊት ከነበሩት ከራሳቸው ጋር አወዳድሪያቸው። ራሳቸው ይሠሩት የነበረውና የተዉት ምንድን ነው? የተዉት ለምንድን ነው? የሰው ስም ጠፍቶባቸው ማታ ላይ ትዝ ቢላቸው ዕድሜ ነው። ያደረጉት ነገር ራሱ ጠፍቶ፣ ስታስታውሻቸውም «መቼ?» ካሉ ሌላ ነው። ይህን ቤተሰብ የሚጠየቅበት ኤ ዲ 8 የሚባል አጭር መጠይቅ አለ፤ ስምንት ጥያቄ ነው፤ ሁለቱ ላይ «አዎ፣ ተለውጣለች» ከተባለ ወደ ምርመራ ይኬዳል። ያልተማረ ሰው ላይ እርሳስ ከማስያዝ ይህኛው ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይናገራል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ነገሩ የጀመረው በወራትና በዓመታት ከሆነ የመርሳት በሽታ ይጠረጠራል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ከተዘበራረቀባቸው፣ አንዴ ነቅተው አንዴ ከፈዘዙ፣ እሱ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለባቸው።

ጥያቄዎች አሉኝ። ስኳር አለባቸው? የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን ስንት ዓመት ወሰዱ? ለእንቅልፍ ወይም ለእግር ማቃጠል የሚወስዱት ነገር አለ? ባለፉት ወራት ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል? ይሰማሉ? ቅርብ ጊዜ መርዶ ደርሷቸዋል? አጥብቀው ይጾማሉ?

ሪያድ_ሠራተኛ

እኔ ልጅ ሳልሆን ሠራተኛ ነኝ። የማስታምማቸው አሮጊት ልጆች ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ፤ ሻይ ጠጥተው፣ ተሳስቀው ይሄዳሉ። ሌሊት ተነሥተው የሞተች እናታቸውን ሲፈልጉ የማየው እኔ ነኝ። ለልጃቸው ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣችኝ። በኋላ ሐኪሙ እኔን አስገብቶ ጠየቀኝ። ጽጌ፣ ቀን ቀን ከእናትሽ ጋር የሚውለው ማን ነው? እሱን ጠይቂ።

ልጅ_ከጎፋ

ዴንቨር_ነዋሪ፣ ወንድሜ፣ ስሙን ማወቅ ምን ይፈይዳል ላልከው እኔ ልመልስ። አባቴ እየረሳ መሆኑን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ማንም ግን በአፉ አላወጣውም። እሱ ከሞተ በኋላ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች ስለ አንድ ቤት ሦስት ውክልና ሰጥቶ ተገኘ። ለየትኛው እንደሰጠ አያውቅም ነበር። እኔና ወንድሜ አሁን የምንተያየው ፍርድ ቤት ነው። ገና መጀመሪያ ላይ አንድ ሐኪም ቁርጡን ነግሮን ቢሆን አባቴ ራሱ፣ አእምሮው እያለ፣ ፍላጎቱን ይናገር ነበር። ለክብሩ ዝም ያልን መስሎን የመጨረሻውን ቃሉን ነጠቅነው።

ሐኪም_አዲስ_አበባ

በዚህ ላይ ጥቂት ልጨምር። «መድኃኒት የለውም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። አልዛይመርን፣ ብዙውን የመርሳት በሽታ የሚያመጣውን፣ የሚፈውስ የለም። ዶኔፔዚልን የመሰሉት ክኒኖች ለጊዜው ያግዛሉ። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆች 2023 ሌካነማብ፣ በ2024 ዶናነማብ የሚባሉ መድኃኒቶች ተፈቅደዋል፤ የበሽታውን ግስጋሴ ጥቂት ያዘገያሉ፤ የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትሉም ይችላሉ፤ የሚሰጡትም ገና መጀመሪያ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው። የዘገየ ሰው በሩ ተዘግቶ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ የመርሳት በሽታ መስሎ የሚመጣ ሌላ በሽታ አለ፤ እሱ ይታከማል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ማነስ፣ ድባቴ፣ ከወደቁ በኋላ በአንጎል ሽፋን ሥር ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም፣ ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ። «ጃጁ» ተብለው ቤት የተቀመጡ፣ ታክመው የሚነሡ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ይህን ሳስብ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሌሊት አለ።

ረሆቦት_አገናኝ

ሻሎም፣ ሰላም። እኔ በክሊኒክ ውስጥ በሐኪሙና በሰዎቻችን መካከል የምቆም፣ እኛ «መጋሼር» የምንለው ነኝ። በፈረንጆች 1984ም ሆነ በ1991 ወደ እስራኤል የመጡት ሽማግሌዎቻችን ብዙዎቹ ከገጠር ናቸው፤ ማረሻና እንዝርት እንጂ እርሳስ ይዘው አያውቁም። እነሱን «ኩብ (የሳጥን ቅርጽ) ሣሉ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ጽጌ፣ ለእናትሽ አንቺ አታስተርጉሚ። እኔ ራሴ በአባቴ ላይ አድርጌዋለሁ። ሐኪሙ «የት ነን?» ሲለው አባቴ «ጎንደር» አለ። እኔ «ክሊኒክ ነን ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። ያደረግሁት አፍሬ ነው፤ አባቴን በሰው ፊት ላለማዋረድ። በዚያ አንድ ቃል ምርመራውን በዓመት ገፋሁት።

ሁለተኛ፣ ሩዳስ የሚባለውን ፈተና ጠይቂ። በፈረንጆች 2004 አውስትራሊያ ውስጥ የተዘጋጀው ከልዩ ልዩ አገር ለመጡ ሰዎች ታስቦ ነው። ቀን አይጠይቅም፣ ሰዓት አያሥልም። «ወደ ሱቅ ልንሄድ ነው» ተብሎ ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና ያስይዛል፤ ቆይቶ መልሶ ይጠይቃል። ቀኝ ግራን በሰውነት ላይ ያሳያል፤ አንዱን እጅ ጨብጦ ሌላውን ዘርግቶ ያፈራርቃል፤ የእግረኛ ማቋረጫ የሌለውን መንገድ እንዴት ይሻገራሉ ይላል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንስሳት ያስቆጥራል። ኩብ መሣል እዚያም አለ፤ ግን ከሠላሳው ነጥብ ጥቂቱ ነው። 22 እና ከዚያ በታች ሲመጣ ነው የሚያሳስበው።

ጽጌ_ሜሪላንድ

ከስምንት ቀን በኋላ ተመለስኩ። መጀመሪያ ስታነቡኝ የነበረውን ድምፄን ሳነበው ሌላ ሰው ይመስለኛል።

የሐኪሙን ጥያቄዎች ይዤ ከታናሽ እኅቴ ጋር ተቀመጥን። ስኳር አለባት፤ ሜትፎርሚን ከ12 ዓመት በላይ ወስዳለች። እግሯን ስለሚያቃጥላት ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን ትወስዳለች። ጾም አትፈታም፤ ጽጌንም፣ የፈቃድ የሆነውን ሁሉ ትጾማለች። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ካለ ዓመት አልፎታል። ታላቅ እኅቷ ጎጃም ያረፉት አምና ነው፤ እርማቸውን ያወጣችው እዚሁ በስልክ ነው።

እኅቴ፣ ቀን ቀን ከእሷ ጋር የምትውለው፣ ዝም ብላ ቆይታ «ባለፈው ወር ቡናውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበናው ውስጥ ሳትጨምር ውኃውን ብቻ አፍልታ ቀዳችልን» አለችኝ። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት አለቀሰች።

ከዚያ ዕቁቡ ትዝ አለኝ። እናቴ የሴቶቹን ዕቁብ ለስምንት ዓመት ሰብስባለች፤ ደብተር አልነበራትም፣ ሁሉንም በጭንቅላቷ ነበር የምትይዘው። የዛሬ ሁለት ዓመት «ደከመኝ» ብላ ተወችው፤ ዕድሜ ነው አልኩ። ለአንዷ ጓደኛዋ ደወልኩ። «ልጄ፣ የከፈለችዋን አልከፈልሽም እያለች ሁለት ጊዜ ከሰው ተጣላች። ለክብሯ ብለን ሸፈንነው» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያወቁት እሳቸው ነበሩ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የቀን ነገር ነው፤ በእሱ ነው እኮ የሞገትኳችሁ። የጥቅምት ማርያም ከመድረሷ ሁለት ቀን ቀድማ፣ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «እማዬ፣ ገና 19 ነው» አልኳት። ገባት፤ ተመለሰች። በማግስቱም እንዲሁ። «ትናንትም ቆመሽ ነበር እኮ» ስላት ጭራሽ አታውቀውም። እንደረሳ ሰው አልደነገጠችም፤ እንዳልነበረ ነገር አየችኝ።

ዴንቨር_ነዋሪ

ጽጌ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አያቴን ሳስብ የጦርናቸው በፍቅር መሆኑ እውነት ነው። በመጨረሻው ዓመት ግን በምሽት ወጥተው ወንዝ ዳር ያደሩበት ቀን ነበር። ይህን ሳልጽፍ ነው ያለፍኩት።

ነርስ_አሌክሳንድሪያ

ለቀጠሮው ሌላ ጊዜ አትጠብቂ፤ የነርቭ ሐኪም ወረፋ ወራት ይፈጃል። የራሷ ሐኪም ደሙን አሁኑኑ ማዘዝ ትችላለች። የዕቁቡን፣ የጀበናውንና የነጠላውን ነገር ከነቀኑ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ስጫት። መድኃኒቶቿን በሙሉ፣ ከፋርማሲ ያለማዘዣ የተገዛውን የእንቅልፍ ክኒን ሳይቀር፣ በከረጢት ይዘሽ ሂጂ። አሚትሪፕቲሊኑን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ።

ወሎዬ_ከደሴ

እኔም የአባባን በወረቀት ጽፌ ትናንት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያየችን የጤና መኮንን መጀመሪያ እሳቸውን፣ ከዚያ እኔን ለብቻ ጠየቀችን። ደም አዝዛለች። አላህ ያግዘን።

ጽጌ_ሜሪላንድ

ሰባት ሳምንት ሆነ፤ የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልጻፍ።

ቢ12 በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ መርፌ ጀምራለች። አሚትሪፕቲሊኑን ሐኪሟ ቀስ በቀስ አስቆመቻት፤ ጠዋት ጠዋት ፊቷ ነቃ ብሏል። ጆሮዋ ተለክቶ ማዳመጫ ታዞላታል። ሐኪም_አዲስ_አበባ በውስጥ መስመር እንደጻፉልኝ፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በፈረንጆች 2024 ከቆጠራቸው፣ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ልንቀንሳቸው ከምንችላቸው 14 ነገሮች አንዱ የመስማት ችግር ነው። በኤም አር አይ የአንጎል ምስል የተጠራቀመ ደም አልታየም። ትውስታን የሚይዘው ክፍል ግን ሳስቷል ተባልን።

ሩዳሱን በአካል በመጣች አስተርጓሚ ወሰደች፤ እኔ ውጭ ተቀመጥኩ። መንገድ እንዴት ይሻገራሉ ስትባል «ግራ ቀኜን አይቼ፣ መኪና አለመኖሩን አረጋግጬ» ማለቷን አስተርጓሚዋ በኋላ ነገረችኝ። ከሱቁ አራት ዕቃዎች ያስታወሰችው ሳሙናን ብቻ ነው። በጠቅላላው 20 አመጣች። ሐኪሟ «ቢ12ቱ ሞልቶ፣ ጆሮዋ ሰምቶ፣ በስድስት ወር እንደገና እንየው፤ ከሥር አልዛይመር ሳይኖር አይቀርም» አለችን። ፋይሏ ላይ በመጀመሪያው መስመር «በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርና ሰዓት ትመልሳለች» ተብሎ ተጽፏል።

ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ «እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር» አለች። ብቻዋን ስንት ጊዜ እንደጠረጠረች አልነገረችኝም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እኅቴ ምድጃውን እንንጠቃት ትላለች፤ ጋዙ ያስፈራታል። እኔ ቡናዋን ልወስድባት አልፈልግም። ምን ታደርጋላችሁ?

ነርስ_አሌክሳንድሪያ

ጋዙን ከግድግዳው ዝጉት፤ በራሱ የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግዙላት፤ ዋጋው ብዙ አይደለም። መቁላቱን፣ መውቀጡንና መቅዳቱን ተዉላት፤ እጇ ያውቀዋል። አንዳችሁ አጠገቧ ተቀምጣችሁ፣ የተወቀጠው ቡና ጀበና ሲገባ ብቻ ተመልከቱ። ከዘነጋችም «እማዬ፣ ቡናው እዚህ አለ» ብላችሁ አቀብሏት።

ጽጌ_ሜሪላንድ

ምድጃው ሐሙስ ይደርሳል።